የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የፓይተን ጥናት በሰዓት ስንት ይባላል? (ቤት ለቤት፣ በቡድንና ኦንላይን)

አያት_አስጠኚ

ሰላም ለሁላችሁ። የማስጠናት ሥራን በደንብ የምታውቁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል። ሦስት ዓይነት ሥራ እየሠራሁ ለሁሉም በሰዓት 350 ብር ነው የምጠይቀው። ልክ እንዳልሆነ ይገባኛል፤ በምን እንደምለካው ግን አላወቅኩም።

አንደኛው የ12ኛ ክፍል ፊዚክስና ኬሚስትሪ ነው። ተማሪዎቹ ቤት ሄጄ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት። ቤታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ሲኤምሲ፣ ገርጂና ለቡ ነው፤ መነሻዬ አያት ሰፈር ነው። ሁለተኛው ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ላሉ አምስት ልጆች ፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ)፣ ቅዳሜ ጠዋት አንደኛው ልጅ ቤት ተሰብስበው። እዚህም 350 የምቀበለው ለአምስቱም በጠቅላላ ነው። ሦስተኛው አሁን የመጣ ነው፦ ሜሪላንድ ያሉ ወላጆች ልጃቸውን ለኤፒ ኮምፒውተር ሳይንስ ኤ ፈተና (የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚወስዱት የኮሌጅ ደረጃ ፈተና) እንዳዘጋጅላቸው፣ ሪያድ ያለ ቤተሰብ ደግሞ ፊዚክስ በኦንላይን ጠይቀውኛል። ለእነዚህ በብር ልንገራቸው ወይስ በዶላር?

በተጨማሪ አንድ ተማሪ የሚያገናኝ ድርጅት በየወሩ 30 በመቶ ልውሰድ ይለኛል። የፓይተኖቹ ወላጆች ደግሞ «ኮዲንግ እኮ በነፃ ይሰጣል» እያሉ ዋጋ እንድቀንስ ይጠይቁኛል።

ቀመር

ወንድሜ፣ ሌላው ስንት ያስከፍላል ከማለትህ በፊት የራስህን መነሻ ዋጋ አውጣ። ከእሱ በታች ከወረድክ ከኪስህ እየጨመርክ ነው የምታስጠናው። የምጽፋቸው ቁጥሮች ለማሳያ ናቸው፣ በራስህ ተካቸው።

በወር እጅህ ላይ መቅረት ያለበት 30,000 ብር ነው እንበል። ወጪህ ደግሞ ትራንስፖርት 4,500፣ ኢንተርኔት 1,500፣ ወረቀት፣ ማርከርና ፎቶ ኮፒ 1,000፣ ላፕቶፕ 2,000 (72,000 ብር ተገዝቶ ሦስት ዓመት ቢያገለግል)፣ ፓወር ባንክና ጥቃቅን ጥገና 500። ድምሩ 9,500 ይሆናል። የላፕቶፑን ብዙ አስጠኚ ይረሳዋል፤ ሲበላሽ ነው ዕዳ ሆኖ የሚመጣው።

ቀጥሎ ሰዓቱ፣ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ሁለት ሰዓት ለማስጠናት መንገዱ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ዝግጅቱ ግማሽ ሰዓት፣ ልጁ የሳተውን መመዝገብና ለወላጅ መልእክት መጻፍ ሩብ ሰዓት ይወስዳል። 4 ሰዓት ከሩብ ሠርተህ የሚከፈልህ የ2 ሰዓት ነው ማለት ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠራ 9 ክፍለ ጊዜ፣ ማለትም 18 የሚከፈልበት ሰዓት ይወጣል። በ4.3 ሳምንት ሲባዛ 77 ነው። ለበዓል፣ ለህመም፣ ለ«ዛሬ እንግዳ አለብን» 15 በመቶ ቀንስለት፤ 65 ሰዓት ይቀራል።

ክረምቱንም አትርሳ። ሐምሌና ነሐሴ የትምህርት ቤት ጥናት ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ የ12 ወር ቀለብ በ10 ወር መገኘት አለበት። 30,000 በ12 ተባዝቶ ለ10 ሲካፈል 36,000 ይመጣል። 36,000 ሲደመር 9,500፣ 45,500፤ ለ65 ሰዓት ሲካፈል 700 ብር። ቤት ድረስ ለምትሄድበት ጥናት መነሻህ ይህ ነው።

ኦንላይኑን በዚያው መንገድ አስላው። መንገድ የለም፤ ሁለት ሰዓቱ ከነዝግጅቱ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። 40 ሰዓት ውስጥ 14 ክፍለ ጊዜ ይገባል፣ በወር ከቅናሹ በኋላ 102 ሰዓት። ወጪው ትራንስፖርቱ ወጥቶ 5,000 ነው። 41,000 ለ102 ስታካፍል 402 ብር ይሆናል። የ300 ብሩ ልዩነት ከመንገድ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ለሁለቱ አንድ ዋጋ መጥራት አይሆንም።

ለቡ ደግሞ ከአያት ደርሶ መልስ 3 ሰዓት ከፈጀ ያው የሁለት ሰዓት ትምህርት 5 ሰዓት ከ45 ይበላሃል፤ በሰዓት ወደ 950 ብር ይጠጋል። ይህን ለወላጅ መንገር ከባድ ስለሆነ ከሁለቱ ቀን አንዱን ኦንላይን አድርግላቸው። አማካዩ ከ700 በታች ይወርዳል፤ እነሱም አንተም ትጠቀማላችሁ።

ሰሚት_ሳይንስ

የቀመር ስሌት ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ላርም። 40 ሰዓት መሥራት ትችላለህ፤ 40 ሰዓት መሸጥ ግን አትችልም፤ ተማሪው ከ10 ሰዓት በፊት ከትምህርት ቤት አይወጣም። የሚሸጠው ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ11 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ ከዚያ ቅዳሜና እሑድ ቀኑን ነው። ቤት ለቤት ከሆነ በአዘቦት ቀን አንድ ቤት፣ ቅዳሜና እሑድ ሁለት ሁለት፤ እነዚያ 9 ክፍለ ጊዜዎች ጣሪያህ ናቸው። ኦንላይን ከሆነም በአዘቦት አንድ አንድ፣ ቅዳሜና እሑድ አራት አራት፤ 14 ሳይሆን 13 ነው። 402 የተባለው ወደ 430 ይወጣል። ጠዋቱን ለዝግጅትና ለእርማት ተጠቀምበት።

አሁን 12ኛ ክፍልን ለብቻው እንየው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወላጅ ፈርቶ ነው የሚመጣው። ይህን ፍርሃት ዋጋ መጨመሪያ አታድርገው፤ «ይህን ያህል ያመጣል» ብለህም ዋስትና አትስጥ፤ በውጤት የሚከፈል ውልም አትፈርም። ፈተናው የአራት ዓመት ትምህርት ነው የሚጠይቀው፤ በየካቲት የተቀጠረ አስጠኚ የ9ኛ ክፍሉን ክፍተት ሊመልስለት አይችልም።

ከሰዓት ዋጋ ይልቅ የዕቅድ ዋጋ ስጥ። መጀመሪያ ከ9ኛ እስከ 12ኛ የተውጣጡ 40 ጥያቄዎች በ90 ደቂቃ ፈትነው፣ በምዕራፍ በምዕራፍ አርመው። ፈተናውና ዕቅዱ ሥራ ስለሆነ የሁለት ሰዓት ክፍያ ጠይቅበት፤ በነፃ የሰጠኸውን ዕቅድ ይዘው ርካሽ አስጠኚ የሚፈልጉ አሉ። ከዚያ በምዕራፍ ሰዓት መድብ፦ ለምሳሌ ኤሌክትሮኬሚስትሪ 8፣ የአሲድና ቤዝ ሚዛን 6፣ ፍሉይድ ሜካኒክስ 5፣ ኤሌክትሮማግኔቲዝም 9 ሰዓት። የተቀረው ለድሮ ፈተናዎች ነው፤ በሰዓት ተይዞ፣ ያለ ካልኩሌተር። ድምሩ 48 ሰዓት ቢሆን በሳምንት 4 ሰዓት 12 ሳምንት ይፈጃል፤ በ700 ሂሳብ 33,600 ብር። በሦስት ክፍያ ተቀበል፤ እያንዳንዱም ከሚሸፍናቸው አራት ሳምንታት በፊት ይከፈል። ወላጅ የሚገዛውን ነገር ሲያይ በየሰዓቱ መከራከሩን ይተዋል።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ ፊዚክስና ኬሚስትሪን በአንድ ቀን አትቀላቅል። ሁለት ዝግጅት ይሆንብሃል፣ ልጁም አንዱንም ሳይጨርስ ሰዓቱ ያልቃል። አንዱን ማክሰኞ፣ አንዱን ቅዳሜ።

እመቤት_ኮድ

ስለ ፓይተኑ እኔ ልመልስ። «በነፃ ይሰጣል» ያሉህ ወላጆች እውነታቸውን ነው። የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ የምስክር ወረቀትም አለው። በዚህ አትከራከር። ይልቅ አንተ የምትሸጠው ሌላ መሆኑን ንገራቸው፦ የ13 ዓመት ልጅ ኮዱ እምቢ ሲለው አጠገቡ ሆኖ ለምን እንደሆነ የሚያሳየው ሰው። ቪዲዮ ያንን አያደርግም፤ ልጆች የሚያቆሙትም እዚያ ላይ ነው።

የቡድኑን ዋጋ እንዲህ አውጣ። ትምህርቱ 2 ሰዓት፣ ዝግጅቱ 45 ደቂቃ፣ የአምስት ልጅ ኮድ ማየት በነፍስ ወከፍ 10 ደቂቃ ቢሆን 50 ደቂቃ፣ መንገዱ 45 ደቂቃ። 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፤ ቀመር ለአንድ ተማሪ ካሰላው ጋር ከሞላ ጎደል እኩል። ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ ቢያንስ 1,400 ብር መግባት አለበት፤ አንተ እየተቀበልክ ያለኸው ግን 700 ነው። ስታካፍለው ለአምስት ሳይሆን ለአራት አካፍል፤ በመሐል አንድ ልጅ መቅረቱ አይቀርም። በልጅ 350 ይመጣል፤ ለሁለት ሰዓት። አምስቱም ከዘለቁ 1,750 ታገኛለህ፣ ያ ተጨማሪ ትርፍህ ነው። በወር አትቀበል፤ የ12 ቅዳሜ ኮርስ አድርገህ 4,200 ብር በል፣ ግማሹ ሲመዘገቡ፣ ግማሹ ስድስተኛው ቅዳሜ ላይ።

ቁጥሩን ግን አታብዛ። ጀማሪ ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ጊዜ ያህል ይጣበቃል፣ እያንዳንዱን ለመፍታት 5 ደቂቃ ይሄዳል። አምስት ልጅ ሲሆን 75 ደቂቃ፣ ስምንት ሲሆን 120 ደቂቃ፤ ሙሉ ሁለት ሰዓትህ ስህተት በመፍታት አለቀ ማለት ነው። ልጆቹን የሚይዟቸው ነገሮች ደግሞ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። ታብና ስፔስ መቀላቀል፤ ፋይሉን «ራንደም» ብሎ ሰይሞ ከዚያ የፓይተንን የራሱን ራንደም ኢምፖርት ማድረግ (ወደ ኮዱ ማስገባት) (ፓይተን የልጁን ፋይል ይከፍትና ይወድቃል)፤ ኢንፑት (ከተጠቃሚው መልስ የሚቀበለው ትእዛዝ) የሚመልሰው ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ መሆኑን ረስቶ 5 እና 3 ሲደምር 53 ማግኘት። እነዚህን በአንድ ገጽ አትመህ ስጣቸው፣ የማስተማሪያ ሰዓትህ ይጨምራል።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ኢንስቶል በማድረግ አታባክን። የወላጅ አሮጌ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 7 ከሆነ ከፓይተን 3.8 በላይ አይቀበልም። ዊንዶውስ 10 ላይም ሲጫን «ፓዝ ላይ ጨምር» የሚለው ሳጥን ካልተመረጠ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ፓይተንን አያውቀውም። ከኮርሱ በፊት ባለው ሳምንት ለእያንዳንዱ ቤት ግማሽ ሰዓት የማዋቀሪያ ጊዜ ያዝ፣ ኦንላይንም ይሆናል፤ ዋጋውን በመመዝገቢያው ውስጥ አስገባው።

ክረምት ላይ የትምህርት ቤቱ ጥናት ሲቀዘቅዝ ኮዲንግ ይፈለጋል፣ ልጆቹ በአዘቦት ጠዋትም ነፃ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴን በሁለት ቡድን ከሞላህ ያ የ10 ወሩ ስሌት ይቃለልልሃል፣ ከ700ውም ትንሽ መቀነስ ትችላለህ።

ዲኤምቪ_ጃቫ

ስለ ሜሪላንዱ። ከመስማማትህ በፊት ሰዓቱን አይተህ ወስን። እኛ ጋ፣ ሜሪላንድ፣ በአዘቦት ቀን በአሜሪካ አቆጣጠር ምሽት 6 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ በእኛ የብርድ ወራት (ከኖቬምበር እስከ ማርች) ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ ያለህ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፦ የእኛ ቅዳሜ ጠዋት 10 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር) ለአንተ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ማርች ሁለተኛው እሑድ ላይ ሰዓት ሲቀየር 11 ሰዓት ይሆንብሃል፣ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ላይ ወደ 12 ይመለሳል። ውሉ ላይ «በተማሪው አገር ሰዓት» ብለህ ጻፍ፤ በማርች የሚጠፋ ክፍለ ጊዜ ሁሌም የዚህ ጣጣ ነው። የቅዳሜ ምሽት ሌላ ተማሪ የማትይዝበት ስለሆነ እዚያ ላይ አንተም ተጠቃሚ ነህ።

ሥራው ከፓይተኑ ቡድን ጋር አይገናኝም። ፈተናው በጃቫ (በሌላ የፕሮግራም ቋንቋ) ነው፣ ሜይ ላይ ይሰጣል፤ 42 ምርጫና 4 ኮድ የሚጻፍባቸው ጥያቄዎች አሉት። ከ2025/26 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ኮርሱ አራት ዩኒት ሆኗል፣ ኢንሄሪታንስ የሚባለው ርዕስ ተሰርዟል። ባሮጌ መጽሐፍ ካዘጋጀኸው የወላጅ ገንዘብ በማይፈተን ነገር ላይ ያልቃል። የውጤቱ 45 በመቶ ያለው አራቱ የኮድ ጥያቄዎች ላይ ነው፦ ሜተድና የቁጥጥር ፍሰት፣ ክላስ መንደፍ፣ አሬይ ሊስት፣ ባለ ሁለት አቅጣጫ አሬይ። በሳምንት ሁለቱን አሠርተህ በነጥብ መስጫው መሠረት ብታርም አንድ ሰዓት ይወስድብሃል። ያንን ሰዓት ዋጋው ውስጥ አስገባ እንጂ «ፍላጎት ካላችሁ አርምላችኋለሁ» አትበል።

ዋጋውን በዶላር ንገራቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የተነገረ ዋጋ እዚህ ላለ ሰው ወዲያው ነው የቀነሰው፤ አንተ ጋ ግን ላፕቶፑም ኢንተርኔቱም ተወደደ። አገር ውስጥ ላለ ተማሪ ግን ዋጋህ በብር ብቻ ይሁን፣ ሕጉም ያ ነው። እርማትን ጨምሮ በሰዓት ከ20 ዶላር በታች እንዳትጀምር እመክራለሁ። እዚህ ያለ የኤፒ አስጠኚ ከዚያ በብዙ ስለሚበልጥ ለወላጁም ጥሩ ነው። በጣም ርካሽ ዋጋ ደግሞ እዚህ አገር ወላጅን ያስጠረጥራል፤ «ይህ ሰው ፈተናውን ያውቀዋል?» ይላሉ። ከዋጋው ይልቅ አንድ የታረመ የኮድ ጥያቄ ናሙና ላክላቸው፣ ያኔ ይተማመናሉ።

ክፍያውን በየትምህርቱ አትቀበል። የሐዋላ አገልግሎት ክፍያ በየላኩ ቁጥር ስለሚቆረጥ ስምንት ትምህርት በአንድ ጊዜ፣ አስቀድሞ ይላክ። በባንክ ይሁን፤ የላኪ ክፍያው የእነሱ መሆኑን አስቀድመህ ተናገር።

ሪያድ ሌላ ነው። ሰዓቱ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፣ የዕረፍት ቀናቸው ግን ዓርብና ቅዳሜ ነው። ዓርብ ጠዋት የአዲስ አበባ ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት ናቸው፣ የአንተ ባዶ ሰዓት ነው፤ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ስጣቸው። በዚህ ቀን ከኦንላይን መነሻህ ላይ ትንሽ ብቻ ብትጨምር አትጎዳም። እሑድን ግን አትንገራቸው፣ ለእነሱ የትምህርት ቀን ነው። ዱባይ ያለ ሰው ከጠየቀህ አንድ ሰዓት ይቀድማል፤ የዕረፍት ቀኑም ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ የዓርቡ ጥቅም የለውም።

ቀመር

ስለ 30 በመቶው። 700 እጅህ እንዲገባ 30 በመቶ ጨምሬ 910 ልበል ካልክ ትከስራለህ፤ ከ910 ላይ 30 በመቶ ሲነሳ 637 ነው የሚቀርህ። 700 ለ0.7 ነው የሚካፈለው፣ 1,000 ብር ይመጣል። ወላጁ 1,000 ከፍሎ አንተ 700 የምታገኝ ከሆነ ሁለታችሁም ከጥቂት ወራት በኋላ ቅር ትሰኛላችሁ። የአንድ ጊዜ ኮሚሽን፣ ለምሳሌ የመጀመሪያው ወር ግማሽ፣ ይሻልሃል። ተማሪው አሥር ወር ከቆየ ያ ከጠቅላላው 5 በመቶ ብቻ ነው። በየወሩ የሚወስድ ድርጅት ክፍያ የሚሰበስብ፣ የቀረ ተማሪ የሚተካ ከሆነ ብቻ አስብበት።

«በወር» የሚለውን ቃልም ከውልህ አውጣ። ቅዳሜና እሑድ የምታስጠናው ልጅ በ30 ቀን ውስጥ 8፣ 9 ወይም 10 ጊዜ ያገኝሃል። ክፍያው የ8 ሆኖ 10 ጊዜ ከሄድክ ሳታስበው 20 በመቶ ቀነስክ። «8 ክፍለ ጊዜ» በል፤ ሲያልቅ የሚቀጥለው ይከፈላል። ጳጉሜንም ይፈታልሃል።

ስረዛን በጽሑፍ አድርገው፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ትምህርቱ ሊጀመር ከ12 ሰዓት በላይ ሲቀረው ከነገሩህ ይተካል፤ ከዚያ ወዲህ ከሆነ ግማሽ ይከፈላል፤ በር ላይ ደርሰህ ከመለሱህ ሙሉ። አንተ ከቀረህ ደግሞ በነፃ ትተካለህ፣ ይህንንም ጻፈው፤ አንድ ወገን ብቻ የሚቀጣ ውል ማንም አያከብረውም። ኦንላይን ላይ መብራት ወይም ኔትወርክ ከ15 ደቂቃ በታች ከጠፋ በመጨረሻ ይጨመራል፣ ከበለጠ የቀረው ሰዓት ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል። ጥፋት ፍለጋ አትግቡ።

አያት_አስጠኚ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እመቤት እህቴ፣ ስለ ዊንዶውስ 7 ያልሽው ሁለት ልጆች ላይ ያለውን ችግር ገለጸልኝ። አንድ ይቀረኛል፦ አሁን 350 የሚከፍሉኝን ወላጆች በአንዴ 700 ልበላቸው? አንዷ ተማሪ ደግሞ በጣም ጎበዝ ናት፣ ቤተሰቧ ግን መጨመር አይችልም።

ሰሚት_ሳይንስ

በአንዴ አይሆንም። ዘንድሮ የሚፈተኑት በ350 እስከ ፈተናቸው ይጨርሱ፤ ፈተና እየተቃረበ ዋጋ መጨመር ልጁን ነው የሚያስጨንቀው። የቀሩትን ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ 500፣ ከመስከረም ጀምሮ 700 በላቸው፤ ሁለቱንም አሁን፣ በአንድ መልእክት፣ ቀኑን ጠቅሰህ። አዲስ የሚመጣ ሰው ከዛሬ ጀምሮ በ700 ይግባ። ምክንያት አታብዛ፤ አዲሱን ዋጋ፣ የሚጀምርበትን ቀንና ካልተመቻቸው አንድ ቀኑን ኦንላይን ማድረግ እንደሚቻል ጻፍላቸው። ዝም ብለህ ቅናሽ አትስጥ፤ ዋጋ የሚቀንሰው መንገዱ ወይም ቁጥሩ ሲቀየር ነው። ሁለት ጎረቤት ልጆች አንድ ላይ ቢማሩ ለምሳሌ እያንዳንዱ 420 ይከፍላል፤ አንተ 840 ታገኛለህ፣ ተጨማሪ እርማቱንም ይሸፍንልሃል።

ስለ ልጅቷ፦ ለሁሉም ዋጋ አታውርድ፣ ለእሷ አንድ ቦታ ያዝላት። ቅዳሜ በኦንላይን ከሌላ ተማሪ ጋር አስገባት፣ የምትከፍለውን ትክፈል፤ ለቤተሰቧ ሙሉ ዋጋው ስንት እንደሆነና እስከ መቼ በዚህ እንደምትቀጥል ግን በግልጽ ንገራቸው። አንድ እንደዚህ ያለ ቦታ ሂሳብህ ይሸከማል፤ ሦስት ከሆኑ ግን 65 ሰዓቱን እንደገና ቁጭ ብለህ አስላው።